ቦራ አፉን የሰጠ ዕለት

ይድረስ ለታላቅ እህቴ ለጥሩሐረግ፣ አዋሳ ላለሽው።

እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? ቀኑን ሙሉ ቆመሽ ከምትውዪበት ፋብሪካ ስትወጪ እግርሽን የሚያሳብጥሽ ነገር ተሻለሽ ወይ? ሳሉስ ለቀቀሽ? አብራሽ የምታድረው የሶዶዋ ልጅ ደህና ናት? ያላትን ተካፍላ የምትበላ ናት ብለሽኝ ሳላያት ወድጃታለሁና የእሷንም ጤና ከአንቺ እኩል ጠይቄያለሁ። እኛ በያለንበት አለን። ውርጩ ጠዋት ጠዋት በገንዳው ውሃ ላይ እንደ መስታወት እየረጋ ያስቸግረናል እንጂ ገብሱ ተወቅቶ ገብቷል፣ ባቄላውም ከአምናው ይሻላል። ለቤቱ የጎደለው የአንቺ ሳቅ ነው። እኔ ልሞላው ብሞክር እማ «የአንቺ ሳቅ ዶሮ ያባርራል» ትለኛለች።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትዪ። ስልኩ የአባባ ነው። ኔትወርክ ፍለጋ ከቤታችን በላይ ያለው ጉብታ ላይ ይወጣሉ፤ ጆሯቸው ስለከበደ ድምፁን ለአገር ሁሉ ይለቁታል፤ ጎረቤታችን ይስማው ደግሞ ስልኩ በጮኸ ቁጥር ከየትም ብሎ አጠገባቸው ይገኛል። ባለፈው ኅዳር አባባ ስለ ፈረሳችን «ቦራ አበቃለት፣ ልለቀው ነው» ሲሉሽ፣ አንቺም «እርስዎ እንዳሉ ይሁን» ስትዪ፣ ከኋላቸው ቆሜ እሰማ ነበር። በሰው ፊት ከአባቴ ጋር ላለመከራከር ብዬ ዝም አልኩ። አሁን ግን ማንም ሳያዳምጠን ሁሉንም ከሥሩ ልነግርሽ ነው። ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

መልቀቅ ማለት ምን እንደሆነ አዋሳ ሆነሽ የረሳሽው መሰለኝ። ከወንዙ ማዶ፣ ከገደሉ ሥር ወስዶ፣ ልባቡን ከራሱ ላይ ፈትቶ፣ ዞር ብሎ ሳያዩ መመለስ ማለት ነው። ቀሪውን ጅብ ይጨርሰዋል። የይስማውን አህያ እንደዚያ ያደረጉት ጊዜ እማ እህል ሳትቀምስ ነው የዋለችው። አህያዋ የእኛ እንኳ አልነበረችም።

አንቺ ደመወዝሽን አጠራቅመሽ ቦራን ያስገዛሽልን ለእማ ጉልበት ነው እንጂ ለጌጥ አይደለም። እማ ከቤታችን እስከ መኪናው መንገድ ያለውን ቁልቁለት በእግሯ መውረድ ካቆመች ቆይታለች። ለደም ግፊቷ ክትትል እስከ መንገዱ የሚያደርሳት ቦራ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ በሚኒባስ ሰቆጣ ትገባለች። ቦራ ከደከመ ወዲህ ከግቢ አልወጣችም። የኅዳሩ ቀጠሮዋ አለፈ። ክኒኗ እንዳያልቅባት ቀን እየዘለለች ትውጥ ጀመር። ጠዋት ጠዋት ራሷን በሻሽ ጠፍራ ስትነሳ አያታለሁ፤ ምን ሆነሽ ነው ስላት ብርዱ ነው ትለኛለች። አባባ ጎረቤት ጠርተን በቃሬዛ እናወርዳታለን አሉ። እማ «በነፍሴ ሳለሁ ቃሬዛ ላይ አልወጣም። የምወጣበት ቀን ሲመጣ ማንንም አላስፈቅድም» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። ስለዚህ ነገሩ የአንድ ፈረስ ነገር ብቻ አልነበረም። ቦራ ካልዳነ እማ የጥሩንም ቀጠሮ ልትቀር ነው።

ሕመሙ እንዲህ ነው የጀመረው። ክረምቱ ሲወጣ የሰው ፈረስ ሁሉ ጠጉሩን አራግፎ ሲያብለጨልጭ የእኛው እንደ አሮጌ ደበሎ ሆኖ ቀረ። የጎኑ አጥንት ወጣ፣ ሆዱ ግን እንደ ከበሮ ተነፋ። ቂጡን ከግድግዳው ጋር እያሸ ጭራው ተመለጠ። ይኼን ጊዜ አገሩ ሁሉ ሐኪም ሆነ። የይስማው ሚስት ዓይን ነው አለች፤ የማን ዓይን እንደሆነም ስም ጠርታ ነገረችኝ። እሱን እዚህ አልጽፈውም፣ ስትመጪ በጆሮሽ እነግርሻለሁ። አያ ካሤ ደግሞ «ላንቃው ወርዶ ነው፣ ልድገመው» አሉ።

ልድገመው ማለታቸውን ልብ በዪ። አያ ካሤ የአባባ የአክስት ልጅ ናቸው ተብሎ ለከብቶቻችን ሁሉ ሐኪም እሳቸው እንደሆኑ ታውቂያለሽ። ባለፈው ሐምሌ ቦራ መኖ አልበላ ሲል፣ እንደ አገሩ ልማድ፣ አባባ ጆሮውን ጠምዝዘው ያዙት፤ አያ ካሤ ላንቃውን በወስፌ ወጉት። ደሙ በአገጩ ወረደ፣ ክፉ ደም ወጣለት ተባለ፣ ቁስሉ ላይ ጨው ተነሰነሰ። እዚህ ፈረስ መብላት ሲያቆም ሰው የሚያውቀው ይኼንኑ ነው፤ ማንም በክፋት አላደረገውም። ቦራ ግን ከዚያ ወዲህ አፉን ለሰው አልሰጥ አለ። ልጓም አያስገባም፣ በልባብ ብቻ ነው የምንስበው። እጅ ወደ ፊቱ ሲዘረጋ አንገቱን ወደ ላይ ያቆመውና ከዓይኑ ነጩ ብቻ ይቀራል።

አንድ ቀን ጋጣውን ስጠርግ ፋንድያው ውስጥ ነጭ ነገር ሲላወስ አየሁ። ትል ነው። ለማንም ሳልናገር በፌስታል ቋጠርኩና ነጠላዬ ሥር ይዤ፣ ገበያ ነው ብዬ ወደ አስከተማ ወረድኩ። መንገድ ላይ ያገኘችኝ ሴት ሁሉ «እታገኝ፣ ቅቤ ነው?» ትለኛለች። አንዷማ ላሽትተው ብላ ፌስታሉን ልትፈታ ታገለችኝ። ተይኝ፣ የሰው አደራ ነው ብዬ በሩጫ አመለጥኳት።

እንስሳት ክሊኒኩ ውስጥ ምስክር የምትባል ወጣት ባለሙያ አለች። ፌስታሉን ስትፈታ አልተጸየፈችም፤ እንዲያውም እንደ ስጦታ ነው የተቀበለችኝ። ሆዱ ውስጥ ትል ሞልቷል አለችኝ። እንክብሉን ፈጭተሽ በውሃ በጥብጪው፤ መርፌ በሌለው በዚህ ትልቅ ስሪንጅ፣ በአፉ ጥግ ጥርስ በሌለበት ቦታ አስገብተሽ ወደ ምላሱ ሥር ልቀቂለት አለችኝ። እንደ በሬ ራሱን ወደ ሰማይ ጎትታችሁ በጠርሙስ እንዳታጋቱት፣ ወደ ሳንባው ከገባ የሚገድለው መድኃኒቱ ይሆናል አለችኝ። አፉ ውስጥ ሣር እንዳይኖር፣ ከሣሩ ጋር ይተፋዋል አለችኝ። ሁሉንም እሺ እሺ እያልኩ ሰማሁ። የአፉን ነገር ግን አልነገርኳትም፤ ፈረሳችን አፉን አይሰጥም ማለት የቤታችንን ገመና ማውጣት መሰለኝ።

ቤት ስደርስ የራሴን ብልሃት አመጣሁ። ቦራ አተላ ሲያይ የሚሆነውን እንደሚያጣ ታውቂያለሽ። መድኃኒቱን አድቅቄ በአተላ ለወስኩለት። መጥቶ አሸተተ። በአፍንጫው እፍ አለበት። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ፤ እታለም፣ ሰው የሰደበውን ሰው እንደሚያየው ነው ያየኝ። ቀጥሎ ዕቃውን በአፉ ገፍትሮ ደፋው። እማ ከመደቡ ላይ ሆና ሁሉንም አይታ ኖሮ «የመሬቱ ትል ዘንድሮ አለቀለት» አለችኝ።

ተመልሼ ምስክር ዘንድ ስሄድ ሳቀችብኝና ሌላ መድኃኒትና ሌላ ስሪንጅ ሰጠችኝ። አሁን እውነቱን አወጣሁ። ላንቃው መወጋቱን ስትሰማ ሳቋ ጠፋ። «ቁስሉ ድሮ ድኗል፣ ያልዳነው ፍርሃቱ ነው» አለች። ታገሺው፣ ቀስ በቀስ አስለምጂው አለችኝ። እኔ ግን ጊዜ ከየት ላምጣ? አባባ እስከ ታኅሣሥ ገብርኤል እጠብቃለሁ፣ ከዚያ ወዲያ እለቀዋለሁ ብለው ቆርጠው ነበር።

አባባ መድኃኒት ማምጣቴን ሲሰሙ «ይኼ ከሆነ እኛው እናጠጣዋለን» ብለው አያ ካሤንና ይስማውን ጠሩ። በጠርሙስ አይሆንም፣ ሳንባው ውስጥ ይገባል ብል ማን ይስማኝ። አያ ካሤ «ስንት በሬ ያጋትን ሰዎች አንቺ ልታስተምሪን ነው?» አሉኝ። እኔም እሺ ብዬ ሃይላንድ ጠርሙስ አቀበልኳቸው። እታለም፣ ሃይላንዱ ውስጥ የነበረው ጥቂት ጉንጭ የማይሞላ ውሃ ነው። መድኃኒቱን መቀነቴ ውስጥ ቋጥሬው ነበር። ይኼን ከአንቺ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ደብዳቤ የጻፍኩበትም አንዱ ምክንያት ይኼው ነው።

ከጥዱ ጋር አሰሩት። የላይኛውን ከንፈሩን በገመድ ጠመዘዙት። አያ ካሤ ራሱን ወደ ላይ አስጎትተው ሃይላንዱን ሲያስጠጉ ቦራ በኋላ እግሮቹ ቆመ። ገመዱ ተበጠሰ። አያ ካሤ በጀርባቸው ጭድ ክምሩ ውስጥ ገቡና ከውጭ የቀረው ጫማቸው ብቻ ሆነ። ይስማው አጥሩን እንዴት እንደዘለለው እስካሁን አያውቀውም፤ ሲነቃ የራሱ ጓሮ ጎመን መሀል ቆሟል። አባባ ግን ትከሻቸው ከግንዱ ጋር ተጋጨ። ሲመሽ ክንዳቸውን በፎጣ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው «ከእንግዲህ ከዚህ ፈረስ ጋር አልታገልም። ገብርኤል ሲያልፍ ይሄዳል። የእናታችሁም ነገር በቃሬዛ ያልቃል» አሉ። እኔ ግን በልቤ አይሄድም አልኩ።

በማግስቱ እማ ደጃፍ ላይ፣ ፀሐይ ላይ፣ ያቺ አጭሯ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ባቄላ ስትፈለፍል አየኋት። ቦራ ቀስ ብሎ መጣና ከንፈሩን ጭኗ ላይ ጣል አድርጎ ፍሬ ይለቅማል። እማ አፉ ላይ የተለጠፈውን ገለባ በአውራ ጣቷ ጠረገችለት፣ የከንፈሩን ጥግ ጭምር። አንገቱን አላቆመም። የያዝኩትን እንስራ አስቀምጬ ቆሜ ቀረሁ። እኛ ሁላችን ወደዚህ ፈረስ የምንሄደው ቆመን ነው፤ ከፊት ለፊቱ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ልክ አያ ካሤ ወስፌውን ይዘው እንደመጡበት። እማ ግን ጉልበቷ ስለማያቆማት እጇ የሚመጣው ከታች ነው። ለእሱ የእማ እጅ ሌላ ነገር ሆኖለታል።

ይኼን ለእማ ስነግራት ባቄላዋን ሳትተው «እንግዲያው ምን ቸገረን። እኔ መነሳት አልችልም፣ እሱ አፉን መስጠት አይችልም። ሁለታችንም ሥራ የለን፣ እንተዋወቃለን» አለች።

ከዚያ ወዲያ እማ ሥራ ያዘች። ለገና ጠላ ያዘጋጀነውን ብቅል በውሃ እየዘፈዘፍኩ ጣፋጩን ውሃ አቀርብላታለሁ። ጣቷን ትነክርና ከንፈሩን ትቀባዋለች። ሲልሰው እንደገና ትቀባዋለች። ከዚያ ጣቷ ወደ አፉ ጥግ፣ ከዚያ ምስክር ወዳሳየችኝ ጥርስ የሌለበት ቦታ። እንዳትነከስ ብዬ እኔ ነጠላዋን ስጎትት እሷ በእናቷ ቋንቋ በኽምጣንጋ ታወራዋለች። ለልቧ ሰው የምታወራው በእሱ እንደሆነ ታውቂያለሽ። የምትነግረው ደግሞ ወሬ ነው፤ ማን ከማን ተጣላ፣ የማን ላም ወለደች። የይስማው ልጅ ኤደን ከጥምቀት በኋላ ልትዳር መሆኑን ቦራ ከእኔ ቀድሞ ነው የሰማው። ጣቷን ሲለምድ ባዶውን ስሪንጅ አጥቤ ብቅል ውሃ ቀባንበት። መጀመሪያ አሸተተው፣ ከዚያ ላሰው፣ እያደር ጫፉን በከንፈሩ ይፈልገው ጀመር።

ቀኑ እየቀረበ ሲመጣ ግን እኔ ቸኮልኩ። አንድ ጠዋት ይበቃል፣ ለምዷል ብዬ ከእማ ትከሻ በላይ እጄን ሰድጄ ስሪንጁን አፉ ውስጥ ልከት ስል አንገቱን ወረወረ። እማን ከነበርጩማዋ ገለበጣት። እታለም፣ እማ መሬት ላይ ስትወድቅ ሳይ ፀሐይ ጨለመብኝ። ሮጬ ሳነሳት እያለቀስኩ ነው። እሷ ነጠላዋን አራግፋ «አትነፋረቂብኝ። ከላይ መጣሽበት። በርጩማውን አቁሚልኝና ዞር በዪ» አለችኝ። ክንዷ ተላልጦ ነበር፣ ለአባባ እሾህ ነው ብለናቸዋል። ቦራ ከዚያ በኋላ ከጋጣው ጥግ አልወጣ አለ። እማ ግን እንደ ልማዷ ደጃፉ ላይ ወጥታ ብቅሏን አጠገቧ አድርጋ ተቀመጠች። አልጠራችውም። ኤደን ለሠርጓ ስለምትለብሰው ቀሚስ ለብቻዋ ታወራ ጀመር። ወሬው የቀረበት መሰለኝ፣ በማግስቱ ከሰዓት ላይ እየተጎተተ መጣና አፍንጫውን ጉልበቷ ላይ አሳረፈ።

በገብርኤል ዕለት ጠዋት አባባ አዲስ ገመድ ይዘው አውድማው ጥግ ቆሙ። ለነገ መዘጋጀታቸው ነው። እኔ መድኃኒቱን አልሜ ፈጭቼ በብቅሉ ውሃ በጠበጥኩት። ስሪንጁን ሞላሁና ከእማ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። አፉን በውሃ አጠብነው፣ ሣር እንዳይኖር። እማ ቀድማ ጣቷን ሰጠችው፣ ቀጥሎ ብቅል ያለበትን ሌላ ስሪንጅ ሰጠችው። ጠጣው። ከዚያ እኔ በጭኗ ላይ አሳልፌ የመድኃኒቱን ሰጠኋት። ከታች ወደ ላይ፣ በአፉ ጥግ አስገባችውና ገፋችው።

መረረው መሰለኝ ቆመ። ጆሮዎቹ ወደ ኋላ ሄዱ፣ ጉንጩ ውስጥ ይዞት ቀረ። ሌላ መድኃኒት የለኝም፣ ሌላ ቀንም የለኝም። እማ በአንድ እጇ አገጩን ከሥር ደገፍ አድርጋ ይዛ፣ ስለ ኤደን ማጫ በኽምጣንጋ ትነግረዋለች። ሲውጥ ጉሮሮው ላይ አየሁት። አንድ ጊዜ፣ ደግሞ ሌላ ጊዜ። አባባ አውድማው ጥግ ላይ እንደቆሙ ናቸው። እማ ወዲያው ብቅሉን ደገመችለት፤ አፉ ላይ የሚቀረው ምሬት እንዳይሆን። አባባ ቀስ ብለው መጡና ገመዱን የጥዱ ቅርንጫፍ ላይ ሰቀሉት። «ለዚህ ፈረስ ያላችሁ ትዕግሥት ለእኔ ኖሯችሁ ቢሆን ኖሮ ትከሻዬ ባልተሰበረ» አሉ። ትከሻቸው አልተሰበረም፣ ደህና ናቸው፣ እንዳትደነግጪ።

በማግስቱ ፋንድያውን ብታዪው ኖሮ። ለምግብ ሰዓት አይሆንምና ዝርዝሩን ልተወው። አገሩ ግን መጥቶ አይቶታል፤ የይስማው ሚስት ራሷ ጎንበስ ብላ በእንጨት አገላብጣ አይታ «ዓይን እንደዚህ አይመስልም» ብላ ሄደች።

በሳምንቱ አያ ካሤ መጡ። ወስፌው እጃቸው ላይ ነው። «ትሉ ወጣ፣ ደግ። አሁን ላንቃውን ነካ አድርጌ የምግብ ፍላጎቱን ልክፈትለት» አሉ። አባባ ዝም አሉ። ዝም ሲሉ መፍቀዳቸው እንደሆነ አውቃለሁ፤ ባለፈውም ዝም ነበር ያሉት። እኔ ተነስቼ የግቢው በር ላይ ቆምኩ። «አያ ካሤ፣ ይግቡ፣ ይቀመጡ፣ ከቤት ያለውን ይቅመሱ። ወስፌው ግን ከዚህ በር አያልፍም» አልኳቸው። «የሴት ሐኪም ቤት ሆነ እንዴ ይኼ?» አሉኝ። ሆነ አልኳቸው። አያ ካሤም አባባ እንዲናገሩላቸው ዞር ብለው አዩዋቸው። አባባ ሲያስሉ፣ መሬት ሲያዩ ቆይተው «ፈረሱ የጥሩሐረግ ነው፤ ባለቤቱ ትጠየቅ» አሉ። አያ ካሤ ወስፌውን አጥሩ ላይ ሰክተው ገቡ፣ በልተውም ሄዱ፣ አልተጣላንም። ሲወጡ ግን ወስፌያቸውን ይዘው ነው።

ስለዚህ እታለም፣ አንቺ ልትጠየቂ ነው። አባባ ሊደውሉልሽ ሰሞኑን ጉብታው ላይ ይወጣሉ። ይስማው ቢሰማም ይስማ፤ ፈረሱ የእኔ ነው፣ አፉን ከእማና ከእታገኝ በቀር ማንም አይንካው በዪያቸው። አንድ ቃል ነው የምለምንሽ። እንደ ኅዳሩ አታለስልሺው። አንቺ ባትዪውም እኔ በሩ ላይ እቆማለሁ፤ ግን ሁለት ሆነን ስንቆም ለአባባም ይቀላቸዋል፣ ዘመዳቸውን እምቢ ለማለት ሰበብ ያገኛሉ።

አሁን የምሥራቹን ልንገርሽ። ገና ካለፈ በኋላ ምስክር ቤታችን ድረስ መጥታ ቦራን አየችው። ከባድ ጭነት አይጫን፣ እናታችሁን ግን ቀስ ብሎ ያደርሳል አለች። እማ ከስታለችና ሸክም አትባልም። ኮርቻውን ጫንን፣ ልጓም አላስገባንም፣ በልባብ ብቻ እኔ እየሳብኩ ቁልቁለቱን ወረድን። ሁለት ቦታ አሳረፍነው። እማ ከኮርቻው ላይ ሆና የየቤቱን ሰው ስም እየጠራች ሰላም ስትል፣ ከኅዳር ጀምሮ ያልሰማችውን ወሬ ሁሉ በአንድ ጠዋት ለቀመች። ሰቆጣ ገብታ ታየች፤ ግፊቷ ከፍ ብሎ ነበር፣ ቀን እየዘለልሽ አትውሰጂ ብለው ተቆጧት፣ ክኒኗን ግን ይዛ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ራሷን በሻሽ ሳትጠፍር ነው የምትነሳው። የሚኒባስ መነሻው አጠገብ ሱቅ ያላት ዘሀራ እማን ውጭ አላስቀምጥም ብላ ቤቷ አስገብታ አሳርፋታለች። ይኼን ደብዳቤ የሚያደርስልሽም ልጇ ሙዓዊያ ነው፤ ዕቃ ጭኖ ወደ እናንተ አገር ይወርዳል፣ ውሃ እንኳ ሳታጠጪ አትስደጂው።

የገና ጠላችን ግን ቀጠነ፤ ብቅሉን ፈረስ ጠጥቶታልና። እንግዳው ሁሉ እየቀመሰ እርስ በርሱ ሲተያይ አባባ «ዘንድሮ ጠማቂዋ በሌላ ሥራ ተይዛ ነው» እያሉ አለፉት።

ምስክር ሁለተኛውን ዙር መድኃኒት ሰጥታኛለች፤ ጥምቀት ሲያልፍ ይሰጠዋል። በስሪንጁ በየጠዋቱ ብቅል ውሃ ይቀርብለታል፣ እንዳይረሳውና እንዳይጠላው። አባባ ሰሞኑን ከእማ ቀድመው ይነሳሉ። ዛሬ ጠዋት ከጋጣው ስወጣ፣ የሴት መቀመጫ ነው ብለው ነክተዋት የማያውቋት በርጩማ ላይ ጉልበታቸው አገጫቸው ድረስ ወጥቶ ተቀምጠዋል። ጣታቸውን ብቅል ውሃ ውስጥ ነክረው ዘርግተዋል። ቦራ ራቅ ብሎ ቆሞ ያያቸዋል። በዚያ ባልለመዱት ኽምጣንጋ ስለ ገብሱ ምርት ሊነግሩት ይሞክራሉ። ፀሐይዋ አጥሩን እስክታልፍ ጠበቁት፣ አልመጣላቸውም። ጣታቸውን በጋቢያቸው ጠርገው ሲነሱ አዩኝ። «ምን ታያለሽ? ነገም እቀመጣለሁ» አሉኝ።

እማ ዓይንሽን ልሳመው፣ ስትመጪ ሳልሽን ይዘሽብኝ እንዳትመጪ ብላለች። አባባ ስልኩን ክፍት አድርገው እንደሚጠብቁሽ ንገሪልኝ ብለዋል። አያ ካሤ ሰላም ብለውሻል፣ ቂም የለብኝም በዪልኝ ብለዋል። ይስማውና ሚስቱ፣ ሙሽራዋ ኤደንም ሰላም ይሉሻል፤ ለሠርጉ ካልመጣሽ ቀሚሱን ፎቶ አንስተው ይልኩልሻል። ለሶዶዋ ጓደኛሽም የሁላችንን ሰላምታ አድርሺ። እኔ ታናሽሽ ሁለቱንም ጉንጭሽን አገላብጬ ስሜሻለሁ።

እህትሽ እታገኝ
ጋዝጊብላ፣ ከአስከተማ በላይ
ጥር 7 ቀን 2018 ዓ.ም.